ሁለት ሐምሌ 22ዎች፦ ችግኝ ሻጭ በክፉ ቀን

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ሰኞ ነበር። ያን ዕለት አገሩ ዶማና ችግኝ ይዞ ወጣ። ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ በአንድ ቀን ተተከለ ተብሎ በመንግሥት ተነገረ፤ ወሬው የዓለም መገናኛ ብዙኃንን አዳረሰ።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ እሱም ሰኞ ነበር። ያን ዕለት ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ።

ሁለቱም ሰኞዎች በአንድነት የነኩት አንድ ነጋዴ አለ። በመንገድ ጠርዝ፣ በወንዝ ዳር፣ በድልድይ ሥር፣ ጥቁር ላስቲክ ውስጥ አፈር ሞልቶ ጽጌረዳና አቮካዶ፣ ጤና አዳምና ጥድ ደርድሮ የሚሸጠው ሰው። የመጀመሪያው ሰኞ ሸቀጡን የአገር አጀንዳ አደረገለት። ሁለተኛው ሰኞ የላስቲኩን፣ የዘሩን፣ የመድኃኒቱንና የመጓጓዣውን ዋጋ አናጋበት። ሁለቱም የመጡት በሐምሌ ነው፤ ሐምሌ ደግሞ የችግኝ ሻጭ መኸር ነው። ዓመቱን ሙሉ ያጠጣውን የሚሸጠው በሰኔና በሐምሌ ነው።

ስለ ኢኮኖሚ ስናወራ ስለ ባንክ፣ ስለ ነዳጅ፣ ስለ ጤፍ እናወራለን። ስለ ችግኝ ሻጭ ማንም አያወራም። «ዳቦ ሲወደድ አበባ ማን ይገዛል?» ተብሎ ይታለፋል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ታሪክ ግን ብዙዎቻችን የምንጠብቀውን መልስ አይሰጥም። ዛሬ እሱን ታሪክ እንከተለው፤ ዓመተ ምሕረቱ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር በእኛ አቆጣጠር ነው።

ከክፉ ቀን ማግስት የመጣ ዛፍ

ከ1880 እስከ 1884 ያለውን ዘመን አባቶቻችን «ክፉ ቀን» ብለውታል። ስሙ «ደስታ» የተባለው በሽታ ከብቱን ፈጀው። በሬ ሲያልቅ ማረሻ ቆመ። ድርቅና ተባይ ተጨመረበት፤ ሕዝብ አለቀ።

አዲስ አበባ በዚያን ጊዜ ገና ጨቅላ ከተማ ነበረች። በ1879 ተቆርቁራ፣ ስሟን ከአበባ ወስዳ፣ ወዲያው የእንጨት ረሃብ ያዛት። የእንጦጦ ጽድና ወይራ ለቤት፣ ለአጥርና ለማገዶ አለቀ። የዚያ ዘመን ቤተ መንግሥት እንጨት ሲያልቅ ወደ ሌላ ጫካ መሄድ ልማዱ ነበር። አፄ ምኒልክም ከከተማዋ በስተ ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወደሚገኘው አዲስ ዓለም ለመዛወር ጀምረው ነበር።

ዋና ከተማዋ ያልተነቀለችበት ምክንያት ከአንድ በላይ ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ ግን ችግኝ ነው። በ1887 ገደማ ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን ገባ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያመጣው የንጉሡ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ እንደሆነ ይነገራል። ምኒልክም ባሕር ዛፍ የተተከለበት መሬት ከግብር ነጻ እንዲሆን አደረጉ፤ ችግኙም በትንሽ ዋጋ ለሕዝብ እንዲዳረስ አደረጉ።

እስቲ ይህን በነጋዴ ዓይን እንየው። ከክፉ ቀን ማግስት፣ አገር ገና ሳያገግም፣ ሰው ችግኝ ወስዶ ተከለ። ለምን? ያ ችግኝ በአምስት ስድስት ዓመት ውስጥ ማገዶ፣ የቤት ምሰሶና ማገር ይሆናል። ሲቆረጥ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ሁለተኛ ችግኝ መግዛት አያስፈልግም። ገበሬው ኋላ ላይ ዛፉን እንደ ባንክ ያዘው፦ ልጅ ሲዳር፣ ሰው ሲታመም፣ ማዳበሪያ ሲገዛ ይቆርጣል። በከተማዋ ዳርም የእንጦጦን ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ልጅ ያሳደጉ እናቶች ትውልድ በትውልድ ላይ ተተካ።

ሌላም ነገር ሆነ። በ1905 ገደማ፣ ዛፉ ውሃ ያደርቃል በሚል፣ አብዛኛው ተነቅሎ የሐር ትል በሚመገበው ዛፍ እንዲተካ አዋጅ ወጣ። አዋጁ ወረቀት ላይ ቀረ፤ ዛፉም ባለበት ቀረ። ዛፉ ውሃ መምጠጡ እውነት ነው፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አላለቀም። እኔ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ግን ሌላ ነው፦ ሰው ለራሱ ጥቅም ብሎ የተከለውን ዛፍ አዋጅ አይነቅለውም። የዚህን ተገላቢጦሽ ከ80 ዓመት በኋላ እናየዋለን።

ባሕር ማዶ ምን ሆነ?

እ.ኤ.አ. በ1893 አሜሪካ ውስጥ ባንኮች ወደቁ፣ ፋብሪካዎች ተዘጉ። በቀጣዩ ዓመት የዲትሮይት ከንቲባ ሄዘን ፒንግሪ በከተማው ውስጥ ባዶ የተቀመጡ መሬቶችን ለሥራ አጦች ሰጥቶ ድንችና አትክልት እንዲያለሙ አደረገ። ተሳለቁበት፤ «ድንቹ ፒንግሪ» አሉት። ሰዎቹ ግን ያመረቱትን በሉ፤ ሌሎች ከተሞችም ሐሳቡን ወሰዱት።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ አበባ አምራቾች መሬታቸውንና የመስታወት ቤታቸውን ወደ ምግብ እንዲያዞሩ ታዘዙ። ጽጌረዳ በነበረበት ቲማቲም በቀለ። በጦርነቱ መካከል አበባን በባቡር ማጓጓዝ እስከ መከልከል ተደረሰ። ታዲያ ሰዉ ምን አደረገ? አበባውን በሻንጣ ደብቆ በባቡር ያጓጉዝ ጀመር። ቦምብ በሚወርድበት አገር አበባ እንደ ኮንትሮባንድ ተሸጠ። የእኛ ሰው «ድሃ በሕልሙ ቅቤ ባይጠጣ ንጣት ይጨርሰው ነበር» የሚለው ይህንኑ ነው።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ ችግኝ አምራቾች ያገለገሉ የምግብ ቆርቆሮዎችን ሰብስበው፣ ከሥር በስተው፣ ችግኝ ይተክሉባቸው ነበር። ከዚያ በፊት ችግኝ በአብዛኛው የሚሸጠው ቅጠሉ ረግፎ ባንቀላፋበት ወቅት፣ ሥሩ ከአፈር ተነቅሎ ነበር። በጣሳ የበቀለ ችግኝ ግን በማንኛውም ወቅት ይሸጣል፣ በመኪና ይጫናል። ዛሬ በምዕራቡ ዓለም የምናየው ትልልቅ የአትክልት ገበያ የቆመው በዚህ ላይ ነው። እኛ ሰፈር የወተት ዱቄት ጣሳና የዘይት ጀሪካን ቆርጣ ጤና አዳም የምትተክል እናት የምትሠራውም ይህንኑ ነው።

በቅርቡም አይተነዋል። በኮሮና ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020፣ እንግሊዝ ውስጥ የችግኝና የአትክልት መደብሮች ከሌላው ሁሉ ጋር ተዘጉ። ጊዜው ጸደይ ነበር፤ የእነሱ ሐምሌ ማለት ነው። ነጋዴው በዓመት የሚጠብቃቸው ሳምንታት ቆጥቦ የማያስቀምጣቸው ናቸው፤ ያበበ አበባ እስኪከፈት አይጠብቅም። ብዙ ችግኝ ተጣለ። መደብሮቹ በግንቦት አጋማሽ፣ ከብዙ ሌሎች ሱቆች ቀድመው ሲከፈቱ ግን ሰልፉ ረዘመ። ቤቱ የተቀመጠ ሰው ሁሉ መትከል አማረው።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ክፉ ቀን ሲመጣ የችግኝ ገዢ ዓይነቱን ይቀይራል እንጂ አይጠፋም። ለግቢው ዘንባባ የሚገዛው ሰው ይቀራል፤ ለጓሮው ጎመን፣ ቃሪያና የጥብስ ቅጠል የሚገዛው ይመጣል። ይህን ለውጥ በጊዜ ያየ ሻጭ ይተርፋል። ሻጩን የሚገድለው ብዙውን ጊዜ ሌላ ነገር ነው፦ ወቅቱን የሚያሳልፍበት ውሳኔ፣ ከእጁ የሚወጣ መሬት፣ ከጎኑ በነጻ የሚታደል ችግኝ። እነዚህን ደግሞ ከማንም በላይ እኛ እናውቃቸዋለን።

ባለቤት የሌለው ዛፍ

በ1967 ሁለት አዋጆች ወጡ። በየካቲት የገጠር መሬት፣ በሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥትና የሕዝብ ሆነ። የጭሰኛው ቀንበር ተሰበረ፤ ይህን ማንም አይክደውም። ከዚያ ወዲህ ግን «ይህ ቦታ ለአሥር ዓመት የእኔ ነው» ብሎ ዛፍ መትከል ከባድ ሆነ። ችግኝ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ጊዜን ነው።

ቀጥሎ የ1977 ረሃብ መጣ። መንግሥትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በ«ምግብ ለሥራ» እጅግ ሰፊ የእርከንና የደን ተከላ ሥራ አካሄዱ። ገበሬው እርከን ሠርቶ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ችግኝ ተክሎ ስንዴና ዘይት ይቀበላል። የግብርና ሚኒስቴር የችግኝ ጣቢያዎች በየወረዳው ተከፈቱ። የተራቆተ ተራራ በችግኝ ተሸፈነ፤ የዳኑ ኮረብቶችም አሉ፤ የተራበ ሰውም በላ። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ አንድ ነበር፦ ዛፉ የማን ነው? ገበሬው ዛፉን የተከለው ለስንዴው ነው። ሲያድግ ማን እንደሚቆርጠው የነገረው የለም። በ1983 መንግሥት ሲወድቅና ጠባቂ ሲጠፋ በብዙ ቦታ የማኅበር ደኑ በሳምንታት ውስጥ ተጨፈጨፈ። ቅድም ተገላቢጦሹን እናየዋለን ያልኩት ይህ ነው። የምኒልክ ዘመን ሰው «ንቀል» ተብሎ አልነቀለም፤ የደርግ ዘመን ሰው «አትንካ» ተብሎ ቆረጠ። ሁለቱም አንድ ሕዝብ ነው። የተለየው ባለቤትነቱ ነው።

ለችግኝ ንግድም ያ ዘመን አንድ ልማድ ትቶልን ሄደ። ችግኝ ማለት መንግሥት የሚያፈላው፣ በነጻ የሚታደል፣ በቁጥር ሪፖርት የሚደረግ ነገር ሆነ። ስንት ተተከለ ይባላል፤ ስንት ጸደቀ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ገንዘቡን ከፍሎ አንድ የአቮካዶ ችግኝ የገዛ ሰው ግን በየቀኑ ያየዋል፣ በእቃ ማጠቢያ ውሃም ቢሆን ያጠጣዋል።

ሁለት ዓይነት አበባ ሻጮች

በመስከረም 1985 ብር ከዶላር አንጻር ከ2.07 ወደ 5 ወረደ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ወደ ውጭ መላክን የሚያበረታታ ፖሊሲ መጣ። በ1990ዎቹ የአበባ እርሻዎች በሆለታ፣ በሰበታ፣ በደብረ ዘይትና በዝዋይ ተስፋፉ። ልማት ባንክ የኢንቨስትመንቱን እስከ 70 በመቶ ያበድር ነበር፤ መሬት ተሰጠ፣ የግብር እፎይታ ተሰጠ። አገሪቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ የምትጠራ አበባ ላኪ ሆነች። ብዙ ሺህ ሰው፣ በተለይ ሴቶች፣ ሥራ አገኙ። ስለ ደመወዙ፣ ስለ ኬሚካሉና ስለ ሐይቁ ውሃ የሚነሳው ጥያቄ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ ባንኮች ሲናወጡ የአውሮፓ ገዢ ጽጌረዳውን ቀነሰ፤ ሰበታ ያለው እርሻ ታመመ። በመጋቢት 2012 ኮሮና ሲመጣ ኔዘርላንድስ አልስሜር ያለው የአበባ ጨረታ ዋጋው ወደቀ፤ የአውሮፓም የእኛም አበባ ተጣለ። ጽጌረዳው የበቀለው እዚህ ነው፤ የታመመው ግን እዚያ ባለው ጉንፋን ነው።

አሁን የመንገድ ዳር ሻጩን አስቡት። ደንበኛው ጎረቤቱ ነው። ቤት የሠራ፣ ልጅ የዳረ፣ መቃብር ላይ የሚተክል፣ ደጁን ማሳመር የፈለገ። አልስሜርን አያውቃትም። ከእናት ተክሉ ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ አሸዋ ውስጥ ሰክቶ፣ በእጁ አጠጥቶ ያባዛል። ልማት ባንክ አያበድረውም፤ ስለዚህም የልማት ባንክ ዕዳ የለበትም። ማንም ያልረዳው መሆኑ በአንድ በኩል አድኖታል። በሁለቱም የዓለም ቀውሶች ትልልቆቹ እርዳታ ሲጠይቁ እሱ ጎመንና ቃሪያ ችግኝ ጨምሮ ቀጠለ።

በገጠርም የራሳቸው ታሪክ ያላቸው አሉ። በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚሉትን ዛፍ ከጤፍ ጋር እየተከሉ፣ በአራት አምስት ዓመት ለከሰል እየቆረጡ ኑሯቸውን ቀየሩ። ተራራው አረንጓዴ ሆነ፣ ከሰሉም በመኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ገባ። ይህን ያንቀሳቀሰው የዘመቻ ችግኝ ብቻ አልነበረም፤ መደብ አዘጋጅቶ ችግኝ የሚሸጥ ገበሬ በየቀበሌው ተፈጠረ። በጋሞ ደጋ ጨንቻም ሚስዮናውያን ያስገቡት ፖም ለአንዳንዱ ገበሬ ከፍሬው ይልቅ በተዳቀለው ችግኝ ብዙ ገንዘብ አስገኘ።

የሁለቱም ታሪክ ግን ማስጠንቀቂያ አለው። በፋግታ በቅርብ ዓመታት ዛፉን በሽታ መታው። አገር ምድሩ አንድ ዓይነት ዛፍ ሲሆን አንድ በሽታ ሁሉንም ያገኛል። በጨንቻ ደግሞ ችግኙን በብዛት የሚገዙት መንግሥትና ድርጅቶች ነበሩ፤ እነሱ መግዛት ሲያቆሙ የሻጩ በር ላይ የሚቆም ሌላ ሰው ጥቂት ነው። በአንድ ተክል ላይ የቆመ ወይም በአንድ ገዢ ላይ የቆመ ችግኝ ሻጭ በአንድ እግሩ ነው የቆመው።

የኑሮ ውድነት ሒሳብ

ወደ ሁለተኛው ሐምሌ 22 እንመለስ። የዋጋ ግሽበት ችግኝ ሻጭን የሚጎዳበት መንገድ ከሸቀጣ ሸቀጥ ነጋዴ ይለያል። በምሳሌ እንየው።

አንድ ችግኝ ለማድረስ ዓምና 20 ብር ፈጀ እንበል፦ አፈሩ፣ ፍጉ፣ ላስቲኩ፣ ውሃው፣ የሠራተኛው። ዘንድሮ በ35 ብር ተሸጠ። 15 ብር ተገኘ ተብሎ ቤት ይገባል፤ ዘይት ይገዛበታል። ግን ያንኑ ችግኝ ዛሬ ለመተካት 38 ብር የሚጠይቅ ከሆነ ሻጩ አልተረፈውም፤ 3 ብር ጎድሎበታል። ሱቅ ያለው ነጋዴ በሳምንቱ ሸቀጥ ሲያመጣ ያውቀዋል። ችግኝ ሻጭ የሚያውቀው ግን ከስምንት ወር በኋላ፣ መደቡ በግማሽ ሲጎድል ነው። የቡና ችግኝ ከወራት በፊት ይዘራል፣ የተዳቀለ አቮካዶ ከዓመት በላይ ይፈጃል። በቀድሞ ዋጋ ተዘርቶ በአዲስ ዋጋ ይተካል። ብዙ ትንንሽ የችግኝ ቦታዎች እየሸጡ፣ ደንበኛ እየመጣላቸው፣ ቀስ ብለው የሚከስሙት በዚህ ነው።

ሌላ ደግሞ አለ፤ ይሄኛው ለሻጩ የሚያደላ ነው። ያልተሸጠ ቲማቲም ይበሰብሳል፤ ያልተሸጠ ችግኝ ያድጋል። ዘንድሮ 50 ብር ያላወጣ ጥድ በሚቀጥለው ዓመት ትልቅ ላስቲክ ውስጥ ገብቶ እጥፍ ሊያወጣ ይችላል። ብር ሲረክስ የሚበቅል ሸቀጥ መያዝ ወርቅ እንደ መያዝ ነው። ገደብ ግን አለው፦ ሥሩ ላስቲኩን ሞልቶ መጠምጠም ከጀመረ ችግኙ ታሰረ ማለት ነው፤ ቢተከልም አያምርበትም። ስለዚህ አዋቂ ሻጭ በክፉ ዓመት የሚሸጠውንና የሚያሳድገውን ይለያል። ጎመን፣ ቃሪያ፣ የጥብስ ቅጠልና በሶብላ ቶሎ ደርሰው የዕለት ጉርስ ያወጣሉ። አቮካዶ፣ ጥድና ወይራ ለነገ ይቀመጣሉ። በኅዳር 2015 የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ የጓሮ አትክልት ወሬ በየቤቱ ስለገባ የጎመኑ ገበያ አለ።

ለነገ ለማስቀመጥ ግን ነገ እዚያው ቦታ ላይ መኖር ያስፈልጋል። ችግሩ ሁሉ የሚሰበሰበው እዚህ ላይ ነው።

መሬቱና ነጻው ችግኝ

የመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ የቆመበት መሬት በአብዛኛው የሊዝ መሬት አይደለም። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ለፎቅና ለፋብሪካ መንገድ አለው፤ ለላስቲክ ችግኝ መደርደሪያ የሚሆን ቀዳዳ ማግኘት ግን ከባድ ነው። ስለዚህ ሻጩ የቆመው በፈቃድ፣ በጊዜያዊ ደብዳቤ፣ ወይም «እስኪፈለግ ድረስ» በሚል የቃል ስምምነት ነው። መንገድ ሲሰፋ፣ ወንዝ ዳር ሲለማ፣ መጀመሪያ የሚነሳው እሱ ነው። ምክንያቱም አጥር የለውም፣ ካርታ የለውም፣ ሲነሳም ድምፅ አያሰማም።

የሚገርመው የሚነሳው ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ለመትከል መሆኑ ነው። በ2016 የተጀመረው የኮሪደር ልማት በየመንገዱ ዳር ሣር፣ አበባና ዛፍ አስተክሏል። ከተማዋ እንደዚህ ብዙ ተክል ፈልጋ አታውቅም። ውበቱን እኔም አየዋለሁ፤ የእግረኛ መንገድ ማግኘትም ትንሽ ነገር አይደለም። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ከተማዋ ተክል እየፈለገች ተክል አብቃዩን ወዴት ትሸኘዋለች? ከቦታው የተነሳ ሱቅ ዕቃውን ጭኖ ሌላ ቦታ ይከፍታል። ከቦታው የተነሳ የችግኝ መደብ ግን እናት ተክሎቹን፣ የለመደውን ውሃ፣ ጥላውንና ያወቀውን ደንበኛ ጥሎ ይሄዳል። እናት ተክል የሌለው ሻጭ ከሌላ ገዝቶ ቸርቻሪ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ትርፉ ያልቃል።

የነጻው ችግኝ ጉዳይም እንዲሁ ነው። አረንጓዴ ዐሻራ በአገር ደረጃ የተራቆተ ተራራን ለማልበስ የመጣ ነው፤ ተራራን ማንም ገዝቶ አያለብስም፤ ስለዚህ በመንግሥት ገንዘብ መሠራቱ ልክ ነው። ምኒልክም በትንሽ ዋጋ አድለዋል። ከተማ ውስጥ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ግቢና በየሰፈሩ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ሻጩ በሐምሌ ደንበኛውን ሲጠብቅ ደንበኛው ከመሥሪያ ቤቱ በነጻ ችግኝ ይዞ ያልፋል። ያንኑ ችግኝ መሥሪያ ቤቱ ከዚያው ሰፈር ሻጭ ቢገዛው ምን ይጎዳል? በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ችግኝ አፍልተው ለመንግሥት የሚሸጡበት አሠራር በብዙ ቦታ አለ፤ መልካም ነው። ግን የጨንቻን ትምህርት አንርሳ፦ ገዢው አንድ ብቻ ከሆነ በጀት የጎደለ ቀን ሁሉም አብሮ ይወድቃል።

ምን ይሁን?

ሦስት ነገር እላለሁ።

አንደኛ፣ ለከተማ አስተዳደሮች። ለችግኝ ማፍያ የሚሆን ቦታ በፕላን ውስጥ ይግባ። ፎቅ የማይሠራበት የወንዝ ዳርቻ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ሥር ያለ ክፍት ቦታ፣ የፓርክ ጠርዝ አለ። ለአምስት ወይም ለሰባት ዓመት በጽሑፍ ይሰጥ፤ ሻጩም ኪራይ ይክፈል። ማንሳት የግድ ከሆነ ከመስከረም በኋላ ይሁን። ሻጩን በግንቦት ማንሳት ገበሬን እህሉ ሳይታጨድ ከማሳው እንደ ማስወጣት ነው። ለመንገድ ዳር የሚተከለውም አበባ የተወሰነ ድርሻው ከትንንሾቹ ይገዛ።

ሁለተኛ፣ ለሻጮቹ ራሳቸው። እናት ተክላችሁን በአንድ ቦታ ብቻ አታኑሩ፤ በዘመድ ግቢም ቢሆን ሁለተኛ መደብ ይኑር። ዋጋ ስትቆርጡ ዓምና ያወጣችሁትን ትታችሁ ዛሬ ለመተካት የሚፈጀውን ቁጠሩ። አንድ ተክል ላይ አትቁሙ። ከችግኙ ጋር እውቀት ሽጡ፦ የት እንደሚተከል፣ በስንት ቀኑ እንደሚጠጣ ንገሩ። የጸደቀለት ገዢ ይመለሳል፤ የደረቀበት ገዢ አይመለስም። ይህን በነጻ የሚታደል ችግኝ ሊሰጠው አይችልም።

ሦስተኛ፣ ለእኛ ለገዢዎቹ። ለቡና መቶ ብር ቆጥረን የምናልፍ ሰዎች የሃምሳ ብር ችግኝ ላይ ስንደርስ እንደ አረብ ገበያ እንከራከራለን። ያ ችግኝ የአንድ ሰው ስምንት ወር ነው። መከራከር ባህላችን ነው፤ ግን ልክ አለው።

ከክፉ ቀን እስከ ዛሬ ያለው ታሪክ ሲጠቃለል የሚነግረን ቀላል ነገር ነው። ይህች ከተማ ስሟን ከአበባ አገኘች፤ ከቦታዋ ሳትነቀል የቀረችውም በከፊል በችግኝ ነው። ኢኮኖሚ ሲናወጥ ችግኝ ሻጭ መትረፍን ያውቅበታል፤ ከጽጌረዳ ወደ ጎመን፣ ከሸክላ ወደ ጣሳ እየዞረ ብዙ ክፉ ዓመት አሳልፏል። ከድህነት ተርፎ በደብዳቤ እንዳይጠፋ የማድረግ ሥራ ግን የእሱ ብቻ አይደለም።

ዘንድሮም ሐምሌ ይመጣል። በሰፈራችሁ ያለው ሻጭ ቦታው ላይ ካገኛችሁት አንድ ችግኝ ግዙ፤ ካላገኛችሁት ደግሞ የት እንደሄደ ጠይቁ።

ቸር እንሰንብት።